መመሪያ የሌለው ልብስ

ከሱቅ የሚገዛ ሸሚዝ አንገቱ ሥር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍታበት ይመጣል። በላይዋ ላይ ሳፋ፣ ካውያ፣ ሦስት ማዕዘንና ክብ ተስሎባታል። አብዛኞቻችን ምን እንደምትል ሳንጠይቅ፣ አንገታችንን ስለምትበላን ብቻ፣ በመቀስ ቆርጠን እንጥላታለን። የጣልናት ግን ሕግ ናት፤ ልብሱ በምን ዓይነት ውሃ እንደሚታጠብ፣ በረኪና ይንካው አይንካው፣ ይተኮስ አይተኮስ የምትደነግግ። ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ፣ ጌዶን አልፈው ባኮ ሳይደርሱ በሚያገኟት እጃጂ ገበያ ወጥቶ ጋቢ ወይም ቡሉኮ የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለች ጨርቅ አይሰጠውም። ተከራክሮ ይከፍላል፣ "በጤና ልበሰው" ተብሎ ይመረቃል፣ በቃ። ሸሚዙ ሁለት ዓመት ካገለገለ ይመሰገናል። ጋቢው ግን ሰው ተድሮበት፣ ታሞበት፣ ለቅሶ ተቀምጦበት፣ ከአባት ለልጅ ይተርፋል። ሕግ የተጻፈለት ሸሚዙ ሆኖ ጋቢው ባዶውን ቀረ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ መጠየቅ ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል፤ ወግ ጸሐፊም ሥራ ካለው ወግ አይጽፍም።

ነገሩ ጎልቶ እንዲታይ ከጋቢ እጅግ የራቀ ልብስ አምጥቶ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች በሰሌዳ ቆመው በሞገድ ላይ ሲንሸራተቱ የሚለብሱት፣ ዌትሱት የሚባል፣ ገላ ላይ ልክክ የሚል የጎማ ልብስ አለ። ዕድሜው አጭር ነው። ኒዮፕሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ከአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የወጣው በ1930 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ)። ጎማውን ለባሕር ልብስ ያጨው ሂው ብራድነር የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ይህም በ1952 አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት ጃክ ኦኒል የተባለ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለሞገድ ተንሸራታቾች ሱቅ ከፈተ፤ ልብሱን ገበያ ላይ ካዋሉት ሰዎችም ዋነኛው ሆነ። የብራድነር ሐሳብ ሲጠቃለል ሰው እንዳይበርደው ገላው የግድ ደረቅ መሆን የለበትም የሚል ነው፤ ሙቀቱን የሚይዙለት በጎማው ውስጥ የታሰሩት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ይህ የሰባ ዓመት ልብስ የተጻፈለት የእጥበት ሕግ ግን የጋብቻ ውል ያህል ዝርዝር ነው። ጨዉ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅለት፣ የፈላ ውሃ አይድረስበት፣ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ በቀጭን መስቀያ ትከሻው ላይ አይሰቀል፣ ከወገቡ ታጥፎ ይንጠልጠል ይባላል። ባሕር ውስጥ እንዳለ ለብሶት ስለሚሸና ሰው እንኳ ሳይታፈር ምክር ተሰጥቷል። እጃጂ ሞገድ የላትም፤ አገሪቱም ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህ ልብሱ ላያስፈልገን ይችላል። የሚያስቀናው ሕጉ ነው።

በዚህ መቅናት ተገቢ የሚሆነው ሁለቱ ልብሶች የሚያሞቁት በአንድ ዘዴ ስለሆነ ነው። ጥጥ በራሱ እሳት የለውም። ልል ሆኖ ተፈትሎ ማግ የሆነው የእጅ ፈትል፣ በዚያ ላይ አራቱ ድርብ፣ በመካከላቸው አየር አስረው ይይዛሉ። የቆመ አየር ሙቀት ለማሳለፍ ሰነፍ ነው፤ ውሃ ከእርሱ ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ዝናብ የመታው ጋቢ ትከሻ ከማጉበጥ በስተቀር ምንም የማይፈይደው ለዚህ ነው፤ አየሩ ወጥቶ በቦታው ውሃ ገብቷል። ቡሉኮም ያው ዘዴ ወፍሮና ከብዶ፣ የምዕራብ ሸዋን ሽማግሌ ክብርም ደርቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ ጋቢ የሚያጥብ ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ እድፉን ማውጣትና አየሩን መመለስ። የመጀመሪያውን ማንም ይችለዋል። ሁለተኛው ሙያ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ጥድፊያ የበዛበት አጣቢ እድፉን ሲያወጣ ፈትሉን አስተኝቶ፣ ድርቡን አዛንፎ፣ ጋቢውን ነጭ ሰሌን አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። ጋቢ ሕግ አጥቶ የኖረ አይመስለኝም፤ ጨርቅ ላይ አልሰፈረም እንጂ ሕጉ በአጣቢው እጅና እግር ውስጥ ነበር። አሁን ያ እጅ እየተለወጠ ስለሆነ፣ ሕጉ ወደ ጨርቅ የሚዛወርበት ጊዜ ደርሷል።

ለመሆኑ አጣቢው ማን ነበር? ዛሬ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ ሴት። "ከጥንት ጀምሮ" የምትል ጭራም ትከተላለች። ከ1769 እስከ 1771 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የተረከው ግን ይህችን ጭራ ይቆርጣታል። እርሱ እንደሚለው በዚያ ዘመን ወንድ ገበያ ወጥቶ ቢሸምት፣ ውሃ ቢቀዳ ወይም ቢጋግር ነውር ነው፤ የሴቱንም የወንዱንም ልብስ ማጠብ ግን የወንዱ ግዴታ ነበር፤ በዚህ ሥራ ሴቶች ሊያግዙት እንኳ አይፈቀድም። ብሩስን ጠቅሶ መከራከር አደጋ እንዳለው አውቃለሁ። ሰውየው ተረት ማሳመር የሚወድ ነው፣ የጊቤን ወገን በዓይኑ አላየም፣ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ልማድ የአገር ሁሉ ልማድ አድርጎ ቆጥሮት ይሆናል የሚል ሰው ቢነሳ አልጣላውም። ነገር ግን ስለ ጥሬ ሥጋ ሲጽፍም ለንደን ስቃበታለች። ሥጋው ከቆመች ላም ተቆረጠ ያለው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ጥሬ መበላቱን የሚጠራጠር ሰው አምቦ ከሚገኝ ማንኛውም ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ ሊያጣራ ይችላል። በእጥበቱም ጉዳይ ቢሆን የራሰ የጥጥ ልብስ ክብደት ከብሩስ ጋር ይቆማል። ወንዝ ወርዶ በእግር የሚረገጥ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚጨምቀው ነገር ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበተኛ ነኝ ባዩ ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ወንዱ ከዚህ ግዴታ እንዴት ሾልኮ እንደወጣ ለብቻው አንድ ወግ የሚወጣው ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን የጋቢ ሕግ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ መዛወሩን ማወቅ ነው። አንድ ጊዜ የተዛወረ ነገር ሁለተኛም ይዛወራል፤ በመዛወሩ መካከልም የሚንጠባጠብ አይጠፋም።

አጣቢው ሲለወጥ ማጠቢያው ለረጅም ዘመን አልተለወጠም። በአማርኛ እንዶድ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ የሚባለው፣ በደጋና በወይና ደጋው አጥር ለአጥር የሚንጠላጠለው ተክል ነው። ፍሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ውሃ ሲያገኝና ሲመታ አረፋ ያወጣል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ አንድ ጫፋቸው ውሃን፣ ሌላው ጫፋቸው ቅባትን ስለሚይዝ፣ የላብና የቅቤ እድፍ ከፈትሉ ተላቆ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እንዶድን ከልብስ አጣቢ ሰፈር አውጥቶ በዓለም ሳይንስ መድረክ ያቆመው ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነገር ነው። በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ስለ ብልሃርዝያ ሊያጠና አድዋ ሄደ። የብልሃርዝያ ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ አድጎ ካልወጣ ሰውን መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ አክሊሉ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ወንዙን ተከትሎ ይመለከት ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ተንሳፍፎ አገኘ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሕያዎቹን አምጥቶ እንዶድ ያለበት ውሃ ውስጥ ቢያደርጋቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው የአገር ታሪክ ነው። በአድዋ ከተማ ለዓመታት በተካሄደው ሙከራ የትንንሾቹ ሕፃናት የብልሃርዝያ መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ገዳዩ ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተብሎ በስሙ ተጠራ። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ ስሙን ይዟል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የጀግና ታሪክ ይሆን ነበር። ነገር ግን እንዶድን በየወንዙ ለመጠቀም የዓለም አቀፍ ተቋማት ይሁንታ አስፈለገ፤ ይሁንታውም በመርዛማነት ምርመራ ስም ዓመታትን በላ። ከድሀ አገር ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት በሀብታም አገር ቤተ ሙከራ እስኪደገም እንደ ወሬ የሚቆጠር መሆኑን አክሊሉ ራሱ በምሬት ሲናገር ኖሮ በ1997 አረፈ። በ1990 ደግሞ ኦሃዮ በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በእርሱ ጠቋሚነት፣ እንዶድ የሜዳ አህያ መስሎ የተሸነተረውን የታላላቅ ሐይቆች ጠንቅ፣ ዚብራ መስል የተባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ። ይህ እንስሳ የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ፋብሪካዎችን ያስጨንቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በግኝቱ ላይ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ምን ይሁን የሚለው ክርክርም ተከተለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ንጥረ ነገሩ በሊቁ ስም ተጠራ፣ መብቱ በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ፣ ተክሉ በላቲን ስሙ ታወቀ። ወንዝ ዳር ተንበርክከው ያንን አረፋ ያወጡት አጣቢዎች ግን ታሪኩ በተነገረ ቁጥር "ሴቶች" ተብለው ብቻ ያልፋሉ። አክሊሉን የሚያስወቅስ አይደለም፤ እርሱ ባይጽፈው ኖሮ ይህም አይታወቅም ነበር። ወቀሳው ያልተጻፈ እውቀት ባለቤት አልባ ሆኖ ስለሚቀር ነው። የእንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት አንድ ሰው ስለጻፈው ከአድዋ ተነስቶ አሜሪካ ሐይቅ ደረሰ። የእንዶድ ጋቢ አጠባ ግን ማንም ስላልጻፈው፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንኳ መድረስ እያቃተው ነው።

ከእንዶድ በኋላ ደረቅ ሳሙና መጣ፣ ቀጥሎም ኦሞ። ይህን እንደ ውድቀት የሚያወሩ አሉ፤ አልስማማም። ጥጥ እንደ በግ ፀጉር ከሳሙና የአልካሊነት ባሕርይ ጋር አይጣላም፤ በሳሙና የታጠበ ጋቢ በሳሙናነቱ ብቻ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከውሃው ጋር ሲገናኝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአምቦ የተሻለ አስተማሪ የለም። በ1930 በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው የአምቦ ውሃ ዝናው በጋዙና በማዕድኑ ነው፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት። ለጠጪ ሆድ መልካም የሆነው ማዕድን ለሳሙና ጠላቱ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ሳሙናን ወደ ማይሟሟ ግራጫ አይብ መሰል ነገር ይለውጠዋል፤ አረፋው ይጠፋል፣ አይቡ ፈትሉ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ድርብ ነጠላ ሸሚዝ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ በመለቅለቅ ይሄዳል። በጋቢ አራት ድርብ መካከል የገባ ግን መውጫ አያገኝም፤ ሲደርቅ ጋቢውን ያገረጣዋል፣ ያደርቀዋል፣ አየር መያዣውንም ይደፍነዋል። ጋቢ በአምቦ ውሃ የሚያጥብ ሰው አለ ለማለት አይደለም፤ በጠርሙስ ዋጋው ማን ይችለዋል! ነገር ግን በየሰፈሩ ያለ የጉድጓድ ውሃም በየመጠኑ ማዕድን አለው። እንዶድ በእንዲህ ያለ ውሃ እንደ ሳሙና አይረጋም፤ ኦሞ መሰሎቹ ዱቄቶችም ለዚሁ ተብለው የተቀመሙ ናቸው። ስለዚህ ድሮ ወንዝ የሚወረደው ሰፊ ቦታ ፍለጋ ብቻ አልነበረም፤ የሚፈስ ውሃ ጋቢን አሥር ጊዜ ይለቀልቀዋል፣ የአጣቢው ወገብ ግን በሳፋ ውሃ ሦስት ጊዜ ለቅልቆ ይበቃኛል ይላል። በደረቅ ሳሙና የሚያጥብ ሰው ከሁሉም የሚሻለው የክረምት የጣሪያ ውሃ ነው፤ ዝናብ ማዕድን የለውም፣ እጃጂ ደግሞ በክረምት ዝናብ አትታማም።

አሁን ወደ ሕጉ አንቀጾች እንምጣ፤ እዚህ ጥቂት መቆየት ይገባል። ጋቢ ሸማኔው ጉድጓድ ሳለ ድሩ ተወጥሮ የተሠራ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያ ውጥረት ይላላና ልብሱ ይሰበሰባል። በብዙ ጋቢ ላይ ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል በመሆኑ መሰብሰቡም በቁመትና በወርድ እኩል አይሆንም። የመጀመሪያው እጥበት የጋቢውን የወደፊት መልክ የሚወስነው ለዚህ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ረጋ ያለ ዝፍዘፋ፣ የሚረግጥ እግር። በእግር መርገጥ የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስለው ሰው ዌትሱት የሚያጥቡትን ይጠይቅ፤ እነርሱም አረፋው እንዳይሰበር ልብሱን ይጫኑታል እንጂ አይጠመዝዙትም። ጥጥ ሲርስ እንደሚጠነክር፣ ከደረቁም በላይ እንደሚችል፣ የጨርቅ አዋቂዎች ያውቃሉ፤ ጋቢ የወንዝ ድንጋይ ላይ ሲመታ ዘመናት የቻለው በዚህ ነው። የማይችለው ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ይዘው እንደ ገመድ ሲያከሩት ነው፤ ያን ጊዜ ክሩ አይበጠስም፣ ድርቡ ግን ይዛነፋል፣ አንዱ ሽፋን ከሌላው ይረዝማል፣ ዘርፉ ይጠማዘዛል። በማድረቁ ላይ ጋቢና ዌትሱት ይለያያሉ። ፀሐይ ጎማን ትሰነጥቃለች፣ ጥጥን ታነጣለች። ኬሚካል ሳይመጣ በፊት የአውሮፓ ሸማ ነጋዴዎች ጨርቃቸውን ለወራት ሣር ላይ ዘርግተው ያነጡት ነበር፤ የሆላንዷ ሀርለም ከተማ ዝና ያተረፈችው በእነዚህ ሜዳዎች ነው። በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ቤርቶሌ በክሎሪን ማንጣትን አሳየ፤ የወራቱ ሥራ የሰዓታት ሆነ፤ የእኛ በረኪና የዚያ የልጅ ልጅ ነው። በረኪና ግን እድፉንና ጥጡን ለይቶ አያውቅም። እድፉን አቃጥሎ ሲጨርስ ራሱን የጥጡን አካል መብላት ይጀምራል፤ ደጋግሞ የነካው ጋቢ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ በመጨረሻ በጣት ሲነኩት ይቀደዳል። የጥለቱን ቀለምማ አያድርስ ነው። ጋቢ መተኮስን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ዝም ቢልም እኔ ዝም አልልም፤ በስንት ድካም የገባውን አየር በካውያ ጨፍልቆ ማስወጣት ምን የሚሉት ጌጥ ነው?

ይህን ሁሉ ሰምቶ "እናቶቻችን ሳይጻፍላቸው ያውቁት የለም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ያውቁታል፤ ጋቢው ግን እናቶች ወዳሉበት ብቻ አይሄድም። ሚኒያፖሊስ ላለ ልጅ በሰው እጅ የሚላክ ጋቢ አለ፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ለሚኖር ጎረምሳ፣ ለፈረንጅ አማች፣ ለጡረታ ሽኝት የሚሰጥ አለ። እነዚህ ሰዎች ጋቢውን ከካልሲና ከጂንስ ጋር ማሽን ውስጥ ይከቱታል፣ በሙቅ አየር ማድረቂያ ያሽከረክሩታል፣ ከዚያ ጉልበት የማይሸፍን ሻሽ የሚያክል ነገር ያወጣሉ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ሌላው ልብሳቸው ሁሉ ሲናገር ይህኛው ዲዳ ነበር። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የጤና ባለሙያ የሚያነሳው ነው። የልብስ ቅማል በስፌትና በእጥፋት ውስጥ ይኖራል፤ ግርሻና ተስቦን ያስተላልፋል፤ ግርሻን ደግሞ አገራችን እስከ ዛሬ አልተገላገለችውም። ቅማሉንና ቅጫሙን የሚገድለው ትኩስ ውሃ እንጂ ቀዝቃዛ አይደለም። እውነት ነው፤ ቅማል በገባበት ቤት የጋቢ ማማር ወሬ አይሆንም፣ ይቀቀላል። ጥጥ መቀቀሉን ይችላል፤ ይሰበሰባል እንጂ አይሞትም። ሕግ ልዩ ሁኔታ ስላለው ሕግነቱ አይቀርም፤ የሸሚዙም ጨርቅ ቢሆን የታመመ ሰው ልብስን አስባ አልተጻፈችም።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፤ ሁሉንም ትተን ወደ እንዶድ እንመለስ ይላል። ተፈጥሮ ነው፣ የአገር ነው፣ ሊቁን ያኮራ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንና እንቁራሪትንም እንደሚገድል ይህ ወገን ይረሳል፤ "ከተፈጥሮ የተገኘ" ማለት "የማይጎዳ" ማለት ቢሆን ኖሮ አክሊሉ ለማም አድዋ ላይ የሚያየው ነገር ባልነበረ። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የወቀጠው ያውቃል። ዛሬ አንዲት ከተማ ሙሉ በእንዶድ ልብሷን አጥባ ወደ ጊቤ ገባር ወንዞች ብትደፋ የሚተርፍ ዓሣ አይኖርም። ደግሞም ፍሬ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ ወንዝ የመውረዱ ድካም የማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ሳይጠየቅ የሚነገር ናፍቆት፣ ብሩስ የመዘገበው ግዴታ አብሮ ካልተመለሰ በስተቀር፣ በሌላ ሰው ጉልበት መኩራራት ነው። ከእንዶድ ዘመን መወሰድ ያለበት አረፋው ሳይሆን ልማዱ ነው፤ መዘፍዘፉ፣ መርገጡ፣ በብዙ ውሃ መለቅለቁ፣ ፀሐይ ላይ መዘርጋቱ። ይህ በኦሞም ይሠራል፤ ሳፋ ባለበት ማንኛውም ግቢ ወንድም ሴትም ሊያደርገው ይችላል።

የሚቀረው ማን ይጻፈው የሚለው ነው። ሸማኔው ድሩን ከየት እንዳመጣ፣ ማጉን ማን እንደፈተለው፣ ጥለቱ ቀለም ይልቀቅ አይልቀቅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ነጋዴው ደግሞ ገዢውን ያገኘዋል። አንዲት ጣት የምታክል የአቡጀዴ ቁራጭ ጥግ ላይ መስፋት የጋቢን ዋጋ አያንረውም። የእጃጂ፣ የጌዶና የአምቦ ጋቢና ቡሉኮ ሻጮች ሆይ፣ ከምርቃቱ ጋር ይህችን ቁራጭ ጨምሩልን። በአንድ ገጿ በአማርኛ፣ በሌላው በኦሮምኛ ይጻፍባት፦ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ፣ በእግር ይረገጥ፣ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣው ይለቅለቅ፣ ተጭኖ ይጨመቅ፣ በረኪናና ካውያ አይንካው፣ ጥለቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ እርጥቡ አይታጠፍ። ገዢውም እባክህ በመቀስ አትቁረጣት፤ ጋቢ ሲለብሱት ጥግ ላይ ያለ ጨርቅ አንገት አያሳክክም።